ያልተለቀመ ገብስ

ሾላ ገበያ እህል ተራ ገብቼ ገብስ ስጠይቅ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ የተቀመጡት እናት ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ይለቅሙ ነበር። የሚለቅሙት ጠጠርና እንክርዳድ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ጥቁሩንም ፍሬ በጣታቸው እየለዩ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ይገፉታል።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ለቆሎ አያምርም ልጄ። ገዢው ነጩን ነው የሚለው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ካልተለቀመው ጆንያ አንድ እፍኝ ገዝቼ ወጣሁ። ኮተቤ ቤቴ ደርሼ ነጭ ወረቀት ላይ ስበትነው ፍሬዎቹ አንድ መልክ የላቸውም። አብዛኛው ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ በመሀል ጥቁር አለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላም አለ። ገለፈቱ ከፍሬው ጋር የተጣበቀ አለ፣ እንደ ስንዴ ራቁቱን የወጣ አለ። ረዘም ብሎ የቀጠነ አለ፣ አጠር ብሎ የደነደነ አለ። ሴትዮዋ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣ ነው ብለውኛል። ከአንድ ገበሬ አውድማ፣ ከአንድ ማሳ። የደጋ ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያቱ ተቀብሎ ገብስ ብሎ የሚዘራው እንዲህ ያለውን ድብልቅ ነው።

ስለዚህ ድብልቅ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ስለ በሶው፣ ስለ ጭኮው፣ ስለ ጠላው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጆንያ ውስጥ፣ ለዓይን በማይታይ አንድ የዘር ባሕርይ፣ ከባሕር ማዶ ያሉ የገብስ እርሻዎች ከአንድ ክፉ በሽታ ተርፈዋል። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ በሽታውን፣ ቀጥሎ በሽታውን የሚያመላልሰውን ነፍሳት፣ ከዚያም ጂን የምንለው ዘረ መል በገብስ ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት አለብን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው የገብስ ቢጫ ድንክ ይባላል። ስሙ ምልክቱን ነው የሚናገረው። የታመመው ገብስ ቅጠል ከጫፉ ይጀምርና በጠርዙ በኩል ወደ ታች እየወረደ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ የመሀሉ ጅማት ዙሪያ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉ ሲዳሰስ ደረቅ፣ ሻካራና ቶሎ የሚሰበር ነው። ተክሉ ገና በልጅነቱ ከተያዘ ቁመቱ ያጥራል፣ ሥሩ ይቀጭጫል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ከተያዘ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ገበሬ ይህን ሲያይ የሚጠረጥረው ሌላ ነው። መሬቱ ውሃ ቋጠረ፣ ውርጭ መታው፣ ማዳበሪያ አነሰው ይላል። መጠርጠሩም ስሕተት የለበትም፤ እነዚህ ሁሉ ገብስን ቢጫ ያደርጋሉ። ልዩነቱ የሚታየው ማሳውን ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ለሚመለከት ነው። የማዳበሪያ እጥረት ማሳውን በሰፊው ያገረጣዋል። ቢጫ ድንክ ግን ብዙ ጊዜ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ፣ ከማሳው ዳር ወደ ውስጥ እየገባ ነው የሚታየው። ክቡ ክንፍ ያለው አንድ ነፍሳት ያረፈበትና ልጆቹን ያፈላበት ቦታ ነው።

ነፍሳቱ ክሽክሽ ነው። ጎመን የሚያጥብ ሁሉ ያውቀዋል፤ የገብሱ ክሽክሽ የዚያ ዘመድ ነው። አፉ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ ነው። መርፌውን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ እያሾለከ፣ ስኳር ከቅጠል ወደ ሥርና ወደ ዛላ የሚያወርደው ቧንቧ ላይ ሲደርስ ይቆምና ይጠጣል። የቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚኖረው በዚያው ቧንቧ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ አይወጣም። ከዚህ አንድ እውነት ብዙ ነገር ይከተላል። ቫይረሱ በዘር አይተላለፍም፤ ከታመመ ማሳ የተወቃ ገብስ ቢዘራ በሽታው አብሮ አይበቅልም። በአፈርም፣ በእጅም፣ በማጭድም አይተላለፍም። የሚያሻግረው ክሽክሽ ብቻ ነው፤ ሌላ ተሸካሚ የለውም።

ለምን ቅጠሉ ቢጫ እንደሚሆንም ከዚሁ ይገባናል። ቫይረሱ ቧንቧውን ሲያበላሸው ቅጠሉ የሠራውን ስኳር የሚያወርድበት መንገድ ያጣል። ስኳሩ ቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ቅጠሉ በራሱ ሲሳይ ታፍኖ ይደርቃል፤ ከታች ደግሞ ሥሩ ይራባል። ጎተራው ሞልቶ መንገዱ የተዘጋበት አገር ማለት ነው።

ክሽክሹ ከታመመ ተክል ሰዓታት ሲጠጣ ቫይረሱ ወደ ሆዱ ይገባል። ከአንጀቱ ወደ ደሙ፣ ከደሙ ወደ ምራቅ ዕጢው ያልፋል። ይህ ጉዞ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ወዲህ ክሽክሹ ዕድሜውን ሙሉ በሽታ አስተላላፊ ነው። ለልጆቹ ግን አያወርስም፤ ልጅም እንደ እናቱ ከታመመ ተክል ራሱ መጠጣት አለበት። ቫይረሱ ክሽክሹ ውስጥ አይራባም፤ ይሳፈርበታል እንጂ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ ለማየት ስል ከሾላ እፍኝ ገብስ ጥቂቱን በረንዳዬ ላይ በአምስት የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ዘራሁት። ቆርቆሮዎቹን ሥራቸውን በሚስማር በስቼ ከየካ ተራራ ግርጌ ባመጣሁት አፈር ሞላኋቸው። ገብሱ ስንዝር ሲያክል ክሽክሽ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ በነፋስ ነው የሚጓዘው። መጀመሪያ አንዲት ክንፍ ያላት፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉያ ተቀምጣ አገኘኋት። በማግስቱ ዙሪያዋን አምስት ክንፍ አልባ ልጆች ነበሩ። ክሽክሽ ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ዕንቁላል ሳትጥል ልጅ ነው የምትወልደው። አጉሊ መነጽር ይዤ ስጠብቅ አንዱ ልጅ በጀርባው በኩል ተገፍቶ ሲወጣ፣ እግሮቹን ዘርግቶ ቅጠሉን ሲይዝ አየሁ። ሲበዙና ቅጠሉ ሲጠብባቸው ክንፍ ያላቸው ልጆች ይወለዳሉ፤ እነሱ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳሉ።

ከአምስቱ ቆርቆሮ በሦስተኛው ውስጥ ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዱ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ሌላው ድፍን አረንጓዴ ነው። ጎረቤቴ አይቶ «ያኛው በሽታ የማይዘው ዝርያ ነው ማለት ነው» አለኝ። እኔም ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለ። ነገር ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። አረንጓዴው ምናልባት የተሸከመ ክሽክሽ ነክሶት አያውቅም። ቢጫውም ምናልባት ሥሩ ውሃ በዝቶበት ይሆናል። ቫይረሱ መኖሩን የሚያረጋግጠው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ ቫይረሱን ብቻ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር ተቀላቅሎ ቀለም ሲለውጥ። በመልክ መፍረድ ስንቱን ተመራማሪ እንዳሳሳተ ማን ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ነው በሽታን የሚቋቋም ዝርያ የሚፈልጉ ሰዎች ዕድልን ከመንገድ የሚያስወግዱት። ክሽክሽ በታመመ ተክል ላይ ያረባሉ፤ የሚፈተኑትን ቡቃያዎች ሁሉ በእኩል ዕድሜ፣ በእኩል ቁጥር ያስነክሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የሚመሰከርለት።

ይህ ፍለጋ በትልቁ የተደረገው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1951 ኦስዋልድና ሂውስተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ገብስ ላይ የታየውን ቢጫ ወረርሽኝ ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ነው ብለው አሳወቁ፤ ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው። በ1955 ሱነሰን የተባለ ዝርያ አሻሻይ ሮሆ ከሚባል ገብስ አንድ ደካማ የመቋቋም ጂን አገኘ። በቂ አልነበረም። ከዚያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠራው ቻርልስ ሻለርና ባልደረቦቹ የዓለምን የገብስ ክምችት መፈተሽ ጀመሩ። ከ6,600 የሚበልጥ ናሙና ተፈተነ። በደንብ የተቋቋመው ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር፤ ያም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። በ1959 ራስመሰንና ሻለር ይህ መቋቋም በአንድ ጂን እንደሚወረስ አሳዩ፤ ጂኑም ዋይዲ 2 ተባለ።

«በአንድ ጂን» የሚለውን በችኮላ ማለፍ አይገባም፤ ለዝርያ አሻሻይ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለምና። ገብስ ሰባት ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ነው። ዋይዲ 2 የተቀመጠው ሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ወደ መሀሉ ነው። ብዙ የምንመኛቸው ባሕርያት፣ ለምሳሌ የምርት ብዛት፣ በብዙ ጂኖች ተከፋፍለው ስለሚገኙ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ ይሆናል። አንድ ጂን ግን አንድ ቁልፍ ነው፤ ከአንዱ ቤት ተነሥቶ ሌላው ቤት ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ቅጂ ያለው ተክል በደንብ ይቋቋማል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው በመካከል ይሆናል።

ጂኑ የሚሠራው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረውን ማረም እፈልጋለሁ። ዋይዲ 2 ቫይረሱን ከደጅ የሚመልስ አጥር አይደለም። ክሽክሹ ይነክሳል፣ ቫይረሱ ይገባል፣ ተክሉም ይያዛል። ነገር ግን ቫይረሱ እንደልቡ አይራባም፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ይቆያል፣ ተክሉ ያድጋል፣ ዛላው ይሞላል። በሽታ ያልያዘው ሰውና ታምሞ ሥራውን ያልፈታ ሰው ይለያያሉ፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ጥንካሬው የሚለካው በአረንጓዴነቱ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ቀን ከአውድማ በሚሰፈረው እህል ነው።

ሁሉንም ዓይነት ቫይረስም እኩል አይችለውም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሮቾው ቢጫ ድንክ አንድ ቫይረስ ሳይሆን የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ስማቸውንም በሚሳፈሩበት ክሽክሽ ሰየማቸው። ፒኤቪ፣ ኤምኤቪ፣ አርፒቪ የሚባሉት ፊደሎች የክሽክሾቹ የላቲን ስሞች መነሻ ናቸው። ዋይዲ 2 ፒኤቪንና ኤምኤቪን በደንብ ይቋቋማል። አርፒቪ ላይ ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ጂኑ ያረፈበት ገብስ ማንነትም ለውጥ ያመጣል፤ አንዱ ዝርያ ውስጥ የሚያስመሰግን፣ ሌላው ውስጥ የሚለግም ይመስላል።

ቁልፉ እንዴት ከቤት ወደ ቤት እንደሚሄድ ደግሞ እንይ። የኢትዮጵያው ገብስ በሽታውን ይችላል እንጂ ለካሊፎርኒያ መሬትና ለኮምባይን አልተፈጠረም፤ ቁመቱ፣ የሚደርስበት ጊዜ፣ የአወዳደቁ ነገር ሁሉ የደጋችን ነው። የካሊፎርኒያው ደግሞ አገሩን ያውቃል፣ በሽታውን አይችልም። ገብስ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፤ አበባው ገና ከቅጠል ሽፋኑ ሳይወጣ የራሱን ዱቄት በራሱ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ አዳቃዩ መቅደም አለበት። ዛላው ሊወጣ ሲል ሽፋኑን ገለጥ ያደርጋል፣ እያንዳንዷን አበባ በመቀስ ጫፏን ይቆርጣል፣ በወረንጦ ሦስት ሦስቱን የወንዴ ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅሎ ያወጣል። ከረጢቶቹ አረንጓዴ መሆን አለባቸው፤ ቢጫ ከሆኑ ረፍዷል። ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍንና ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ የሌላውን ገብስ ዱቄት ያራግፍበታል።

የሚወለደው ግማሽ ኢትዮጵያዊ፣ ግማሽ ካሊፎርኒያዊ ነው። ከልጆቹ መካከል በክሽክሽ ተፈትኖ ያለፈው ተመርጦ ከካሊፎርኒያው ጋር እንደገና ይዳቀላል፤ አሁን ሦስት አራተኛው ካሊፎርኒያዊ ነው። እንደገና ሲደገም ከስምንቱ ሰባት እጅ፣ ቀጥሎ ከ16ቱ 15 እጅ። ስድስት ጊዜ ቢመላለስ 99 በመቶ የሚሆነው የካሊፎርኒያው ሆኖ ያችው አንዲት ጂንና በዙሪያዋ የተጣበቀው ጥቂት ነገር ብቻ ከኢትዮጵያ ይቀራል። በየመመላለሱ ግን ጂኗ እንዳትጠፋ መፈተን ግድ ነው። አንድ ትውልድ ሳይፈተን ቢታለፍ ሁሉም ድካም ባዶ ሊሆን ይችላል። በኋላ ዘመን፣ በ1990ዎቹ፣ ከጂኗ አጠገብ ያለን የዲኤንኤ ምልክት በማንበብ ያለ ክሽክሽም ከአንድ ቁራጭ ቅጠል ማወቅ ተቻለ።

በዚህ መንገድ ሲኤም 67 እና አትላስ 68 የተባሉ ዝርያዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ተለቀቁ። በዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን የካሊፎርኒያ ገብስ ከቢጫ ድንክ የጠበቀችው አንዲት የኢትዮጵያ ጂን ናት ተብሎ በዓለም ዙሪያ ሲጠቀስ ይኖራል። አውስትራሊያም ሻነን የተባለውን ዝርያ ስታወጣ ጂኗን ከኢትዮጵያ ገብስ ነው የወሰደችው።

በጥናት ወረቀቶች ላይ ሻነን ጂኗን የወሰደበት ገብስ ስም አለው፤ «ሲአይ 3208-1» ይላል። ይህ በአሜሪካ የእህል ክምችት የተሰጠ ተራ ቁጥር ነው። ያን ገብስ ከአውድማው ሰፍሮ የሰጠው ገበሬ ስም ግን የለም፤ የሚስቱም ስም የለም፤ የአጥቢያው ስምም የለም። በእኔ ፍርድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ይህ ነው። ከአገራችን ዘር የሰበሰቡ ሰዎች ስማቸው ተጽፏል። አሜሪካዊው የገብስ ሊቅ ሃሪ ሃርላን በ1923 መጥቶ ከአዲስ አበባ በቅሎ ጭኖ በላሊበላ በኩል ሰሜኑን አቋርጧል፤ ጉዞውንም በ1925 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ተርኮታል። ሩስያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፤ በገብሳችን ብዛትና ልዩነት ተደንቆ አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሏታል። የኋላ ጥናት ይህን አስተካክሎታል፤ የገብስ የጫካ ዘመድ እኛ ዘንድ አይበቅልም፣ ሰብሉ መጀመሪያ የለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ነው። ከውጭ የመጣው ገብስ እዚህ ተራራ ለተራራ፣ ወንዝ ለወንዝ ተለያይቶ ሺህ መልክ ያወጣው በገበሬ እጅ ነው።

ታዲያ ጂኗ ለምን እዚህ በዛች? ኳልሴት የተባለው ተመራማሪ በ1975 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ ገብሶች መካከል ስርጭቷ ከቦታ ቦታ፣ ከከፍታ ከፍታ እንደሚለያይ አሳይቷል። ምክንያቱን በተመለከተ የራሴ ግምት እንዲህ ነው። በደጋችን በልግም መኸርም አለ፤ የሚለመልም ሣር በወንዝ ዳር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ ክሽክሹም ቫይረሱም መጠለያ አያጡም። በሽታው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚጎበኘው ድብልቅ ማሳ ውስጥ፣ ጂኗ ያለችባቸው ተክሎች ዛላቸው ሞልቶ ይወቃል፣ የሌለባቸው ግማሽ ዛላ ያስረክባሉ። ገበሬው ከአውድማ ለዘር ሲያስቀምጥ ሳያውቀው የመጀመሪያዎቹን ያበዛል። ድብልቁ ሁሉንም አቻችሎ ስለሚያኖር ደግሞ ሌላ ዓመት ውርጭ ሲመጣ ውርጭ የሚችለው አብሮ አለ። ድብልቅ መዝራት የስንፍና ምልክት የሚመስለው ካለ እንጦጦን ተሻግሮ አንድ ክረምት ይቀመጥና ይይ።

አንዲት ጂን ብቻ ላይ መደገፍም አደጋ አለው። ቫይረስ ይለዋወጣል፣ ወገኑ ይቀየራል። በ2004 በኔዘርላንድና በጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች፣ በመካከላቸው በቀለ የሚባል የጽሑፉ ተባባሪ ያለበት ቡድን፣ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የተቀመጠ ሌላ ጠንካራ ጂን አስታወቁ። አርዋይዲ 3 ተባለ። የተገኘው ከየት ነው? ኤል 94 ከሚባል የኢትዮጵያ ገብስ። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ የቀድሞዋንና አዲሱን ጂን አንድ ተክል ውስጥ ሲያጣምሩ፣ መቻል ብቻ የነበረው ነገር የቫይረሱን ብዛት በእውነት ወደ መቀነስ እንደሚሻገር አሳየ። በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ንብ ይጎዳሉ ያላቸውን ሦስት ዘር ላይ የሚቀቡ የክሽክሽ መከላከያ መድኃኒቶች ከሜዳ ላይ ሲያግድ፣ መድኃኒቱን ተማምነው ጂኖቹን ችላ ብለዋቸው የነበሩ አገሮች ፊታቸውን እንደገና ወደ ገብሱ አዞሩ። ገብሱም ያው የእኛው ነው።

ከሾላ ገበያ ብዙ ሳይርቅ፣ እዚያው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። የተመሠረተው በ1976 የእፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተብሎ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የመሩትና በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በቀዝቃዛ ክፍሎቹ ውስጥ ከ15,000 የሚበልጥ የገብስ ናሙና ተቀምጧል። እያንዳንዱ ደርቆ፣ በአልሙኒየም ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ይተኛል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ከዚህ በኋላ ዘር ከአገር ሲወጣ ፈቃድ፣ ውልና የጥቅም ድርሻ እንዲኖር፣ የማኅበረሰቡም መብት እንዲከበር ይደነግጋል። ለሲአይ 3208-1 ግን አዋጁ ዘግይቷል።

ዶክተር መላኩ ሲታገሉለት የኖሩት ነገር ከቀዝቃዛ ክፍሉ ይሰፋል፤ ዘር በገበሬው ማሳም ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ነው። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማሳየት እችላለሁ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ዘርም ያረጃል፤ በየጊዜው ወጥቶ መዘራትና መታደስ አለበት። ለምሳሌ ከአንድ የገበሬ ድብልቅ ውስጥ ከ20 ተክል አንዱ የምንፈልጋት ጂን አለችው እንበል። ለማደስ አሥር ፍሬ ብቻ ብንዘራ፣ ከአሥሩ አንዱም ጂኗ ሳይኖረው የመቅረት ዕድሉ 60 በመቶ ነው። ከረጢቱ ይታደሳል፣ ቁጥሩ ይጻፍበታል፣ ጂኗ ግን ጠፍታለች፤ ማንም አያውቅም። አንድ መቶ ፍሬ ብንዘራ የመጥፋት ዕድሉ ከ1,000 ስድስት ያህል ብቻ ይሆናል። ገበሬው በማሳው የሚዘራው ደግሞ መቶ ሳይሆን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፍሬ ነው። ስለዚህ ማሳው ከየትኛውም ከረጢት የሚሰፋ ማኅደር ነው፤ ቫይረሱም ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጠው እዚያ ያለው ገብስ ነው፣ በረዶ ውስጥ ያለው ባለበት ይቆያል። ለቢራ የሚፈለገው አንድ ወጥ ገብስ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣና ሱሉልታና ሰንዳፋ ቤት ሲሠራባቸው፣ ድብልቁ የሚዘራበት መሬት ይጠባል። ገበሬውን የምወቅስበት አንደበት የለኝም፤ ልጅ የሚያስተምረው ጥሩ ዋጋ ባወጣለት ገብስ ነው። ድብልቁንም የሚዘራ ሰው ዋጋ ሊያገኝበት ይገባል እንጂ።

ይህን ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ በረንዳዬ ላይ ያሉትን አምስት ቆርቆሮዎች አየሁና አዘንኩ። 30 ተክል እንኳ አይሞሉም። ከአንድ እፍኝ፣ ያውም በዓይኔ ያማሩትን መርጬ ነበር የዘራሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሾላ ወረድኩ። ከእንጦጦ ማዶ አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት ያለው ወዳጅ አለኝ፤ ጥግ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ሴትዮዋ ቦታቸው ላይ ነበሩ፣ ሰፌዱም ጭናቸው ላይ። ሁለት ቁና እንዲሰፍሩልኝ ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ቁና? ድግስ አለብህ እንዴ? ቆይ ጥቁር ጥቁሩን ላውጣልህ» ብለው ሰፌዱን አነሡ።

«አይ እማማ፣ ይተዉት። እንዳለ ይስፈሩልኝ።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጡ፣ በጠርዙ ተገፍቶ የተቀመጠውን ጥቁር ገብስ በመዳፋቸው ሰብስበው መልሰው ጆንያው ውስጥ ጨመሩት፣ አንዴ በእጃቸው አማሰሉትና ቁናውን እስከ አፉ ሞሉት።